«ይሞቃል» አሉ፦ አንድ ገጽ ታሪክን እስከ ፍቺው የማንበብ ዝርዝር መመሪያ

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ ውስጥ እንሰበሰባለን። ከበዛን ዘጠኝ፣ ካነስን አምስት ነን። ቡና አለ፣ ቆሎ አለ፣ መብራት አንዳንዴ አለ። ሁላችንም እጅ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ አንድ ወይ ሁለት ገጽ ታሪክ ይኖራል። እናነባለን፤ ከዚያ እንከራከራለን።

ከመሃላችን ሥነ ጽሑፍ የተማረ የለም። ጋሼ የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አንዷ ነርስ ናት። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የብሎካችን ጥበቃ ተረኛ ካልሆነ ይመጣል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ ወደ ብሎኮቹ ባጃጅ የሚነዳ ልጅም አለ፤ እሱ ሁሌ ያረፍዳል።

አዲስ ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነው። «እሺ፣ ግን ትርጉሙ ምንድን ነው?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ፈተና ላይ «የደራሲው መልእክት የትኛው ነው?» ተብዬ «ሐ»ን መረጥኩ። መልሱ «ለ» ሆነ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «ለ ስለሆነ» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታሪክ ማለት የተቆለፈ ሳጥን፣ ቁልፉም ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የምወደውን መጽሐፍ እንኳ «ገብቶኛል» ለማለት እፈራ ነበር።

ይህ መመሪያ እሁድ እሁድ የምናደርገውን በቅደም ተከተል የጻፍኩበት ነው። የሚያስፈልጋችሁ አጭር ታሪክ፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና አንድ ሰዓት ነው። ብትችሉ አንድ የሚከራከራችሁ ሰው ጨምሩ። ረጅም ልብ ወለድ ላይ መጀመር አልመክርም። ከሦስት ገጽ ያልበለጠ ይበቃል።

ሁላችንም አንድ ገጽ ላይ እንድንሆን ለልምምድ ብዬ የጻፍኳትን ትንሽ ታሪክ ልስጣችሁ። ሽልማት አትጠብቅም፤ ለመፈተኛ ግን ትሆናለች።

*እማማ ጠዋት ተነስተው በሩን ቆለፉ። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን እየቆጠሩ ወረዱ። ስልሳ አራት።*

*ታች ሲደርሱ ዘበኛው «ዛሬም?» አላቸው።*

*«ዛሬም» አሉ።*

*ከብሎኩ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። አንድ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ዛፉ ሥር ተቀመጡ። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ሌላ ቁልፍ አብሮ ወጣ፤ ረጅም፣ ዝገት የበላው። ሁለቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው እስከ ምሳ ተቀመጡ።*

*ማታ ልጃቸው ደወለ። «ቤቱ እንዴት ነው?» አላቸው።*

*«ይሞቃል» አሉ።*

ይኸው ነው። አሁን እንጀምር።

ደረጃ 1፦ ሁለቴ አንብቡ፤ አንዱን ጮክ ብላችሁ

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አንብቡ። እስክሪብቶ አትያዙ። ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የቱ ላይ ቆምኩ? ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ይቆማል። ነርሷ «ስልሳ አራት» ላይ ቆመች። እኔ ብሆን «ይሞቃል» ላይ እቆም ነበር።

ቀጥሎ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ይሄ የልጅ ነገር ሊመስል ይችላል። አማርኛ ግን ሲጻፍ ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» ብላችሁ ስታነቡ ሰውዬው ተናገረ ወይስ እቤት ውስጥ ይገኛል? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው ያልደረሰው? ፊደሉ አንድ ነው፤ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አማርኛ ማንበብ የቻለ ሰው መተርጎም የጀመረው ፊደል የቆጠረ ዕለት ነው። «እኔ መተርጎም አልችልም» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን ነው የምነግረው።

ድምፅም ይወስናል። ጋሼ «ይሞቃል»ን ቀስ ብለው፣ ተንፍሰው አነበቡት። ነርሷ ቶሎ ብላ፣ ስልኩን ልትዘጋ እንደቸኮለች ሰው አነበበችው። ቃሉ ያው ሆኖ ሁለት ሴቶች ሰማን።

ደረጃ 2፦ ሰሙን ያዙ

ሰምና ወርቅ ሲባል ሁላችንም ወደ ወርቁ እንሮጣለን። አንጥረኛው ግን እንደዚያ አይሠራም። መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል። ሰሙን ጭቃ ያለብሰዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ጭቃው ውስጥ የሰሙ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ወርቁ ቀልጦ የሚፈስሰው እዚያ ባዶ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው። ሰሙ ላይ ጆሮ ካልተበጀ ወርቁ ላይ ጆሮ አይኖርም።

ለማንበብ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም። ከትርጉም በፊት የተፈጸመውን ነገር በተራ አማርኛ ጻፉ። «ምናልባት» የለም፣ «ይመስላል» የለም። ለእኛ ታሪክ እንዲህ ይሆናል፦ አንዲት ትልቅ ሴት ቤታቸውን ቆልፈው ወረዱ። ዘበኛ አነጋገራቸው። ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሁለት ቁልፍ ያዙ። ማታ ልጃቸው ደውሎ ስለ ቤቱ ጠየቀ። መለሱ።

አሁን ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል «ገጹ ያለው»፣ በሌላው «እኔ ያልኩት» ብላችሁ ጻፉ። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ስለ ልጁ ጠይቁ፦ የት ነው ያለው? እኛ ጋ ይህን ስጠይቅ ከስድስት ሰው አምስቱ «ውጭ አገር» አለ። ነርሷ አሜሪካ፣ ባጃጅ ነጂው ዱባይ። ገጹ ግን «ደወለ» ነው የሚለው። ጀሞ ሆኖ ሊደውል ይችላል። እናትየው ብቻቸውን እንደሚኖሩስ ማን ነገረን? ማንም። የድሮው ቤት ፈርሷል? ገጹ አላለም።

ይህን መጨመር ስህተት አይደለም። ታሪክ ሁሉንም ነገር ቢናገር የኪራይ ውል ይሆን ነበር። ቮልፍጋንግ ኢዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ አንባቢ ሥራውን የሚሠራው ጽሑፉ ክፍት በተዋቸው ቦታዎች እንደሆነ አስተምሯል። የነርሷ ወንድም አሜሪካ ነው። ክፍቱን ቦታ በራሷ ስልክ ሞላችው። መሙላቱ ይፈቀዳል። ማን እንደሞላው መርሳት ግን ችግር ያመጣል፤ ትንሽ ቆይታችሁ «ደራሲው ስለ ስደት ነው የጻፈው» ብላችሁ ትምላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የሚያደናቅፋችሁን ለቅሙ

በሁለተኛው ቀለም እስክሪብቶ አስምሩ። ምን ላይ? የተደጋገመ፣ ባይኖርም ታሪኩ የማይጎድል የሚመስል፣ ወይም ከጥያቄው ጋር ያልገጠመ መልስ ላይ።

«ዛሬም?» የሚለውን እዩ። «ዛሬ?» ቢል ኖሮ ተራ ጥያቄ ነው። «ም» ስትጨመር ትናንት ገባ፣ ከትናንት ወዲያ ገባ። እማማ በየቀኑ እንደሚወርዱ፣ ዘበኛውም በየቀኑ እንደሚያይ የነገረችን ያቺ አንዲት ፊደል ናት። ወራት የሚያህል ጊዜ አንድ ፊደል ውስጥ ተቀምጧል። በአማርኛ ስታነቡ እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ቅጥያዎችን አትዝለሉ። «ም»፣ «ማ»፣ «ስ»፣ «እኮ»፣ «ለካ»፤ የሰው ስሜት አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው እነሱ ውስጥ ነው።

ስልሳ አራቱስ? ደረጃ የሚቆጥር ማን ነው? አዲስ የገባ ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ወይም እንዳይጠፋበት የሚፈራ ሰው። መልሱን አሁን አትስጡ። ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

ሁለተኛውን ቁልፍ ሁሉም ያሰምርበታል፤ እሱን ተዉት። የጠፋብኝን ግን ልንገራችሁ። የብሎካችን ጥበቃ «ቋጠሩ» እና «ፈቱ» ላይ አሰመረ። «ቂም ይቋጠራል፣ ስንቅ ይቋጠራል» አለ። «የሚፈታው ደግሞ ሕልም ነው፣ እንቆቅልሽ ነው። እኛም እኮ እዚህ ተቀምጠን የምንለው ፍቺ ነው።» እኔ ስጽፈው ነጠላ ብቻ ነው ያሰብኩት። እውነት! ቃላቱ ግን ዘመዶቻቸውን ይዘው መጡ።

ደረጃ 4፦ ማን ነው የሚያወራው?

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም እዘለው ነበር።

ታሪኩ ውስጥ እማማ «ቆለፉ፣ ወረዱ፣ አሉ» ይባላሉ። ዘበኛው «አላቸው»፣ ልጁ «ደወለ»። ማለትም ታሪኩን የሚነግረን ሰው እማማን አንቱ ይላል፤ ልጃቸውን ግን አንተ። ማን ሊሆን ይችላል? ጎረቤት? ከልጁ የሚበልጥ ሰው? ብዙ ቋንቋ ይህንን ልዩነት በግሥ አያሳይም። የእኛ ግን ግሡ ላይ ለጥፎታል፤ ተራኪው የቱ ጋ እንደቆመ ቤት ድረስ ይመራችኋል።

ሙከራ አድርጉ። ታሪኩን በአንቺ ለውጡትና አንብቡ። «ጠዋት ተነስታ በሩን ቆለፈች። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።» ሴትየዋ ወዲያው በሃያ ዓመት ታንሳለች። ማዘናችንም መልኩን ይቀይራል። በአንቱ ያዘንነው ለእናት ነበር፤ አሁን ለጓደኛ እናዝናለን። ይህን ሙከራ ማንኛውም የአማርኛ ታሪክ ላይ መሥራት ይቻላል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ተራኪውንና የሰፈሩን ሰው መለየትም ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ ዳምጤን «ጉዱ ካሳ» ያለው የአካባቢው ሰው ነው። ደፍሮ ሥርዓቱን ስለተቸ እንደ እብድ ተቆጠረ። አንባቢው «ጉዱ» የሚለውን ቅጽል ዝም ብሎ ከተቀበለ የሰፈሩን ፍርድ አብሮ ተቀበለ ማለት ነው። ስም ባያችሁ ቁጥር ማን እንዳወጣው ጠይቁ። የእኛ እማማስ ስም የላቸውም። ለምን? ይህንንም አስምሩበት።

ደረጃ 5፦ ከገጹ ውጭ ያለውን ዕውቀት በልክ አስገቡ

ዛፉን እንይ። ተማሪዋ «ዛፉ ሥራቸው ነው፣ የተወለዱበትን መሬት ያሳያል» አለች። ጥሩ ነው። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ባሕር ዛፍ እኮ ነው የተባለው፣ ወርካ አይደለም።»

ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ጨፍጭፋ የማገዶ እንጨት አጥታ ነበር። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መጀመር ተደርሷል። ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል።

እንግዲህ እማማ የተቀመጡት መጤ ዛፍ ሥር ነው። እሳቸው አዲስ፣ ዛፉም የመጣ። ወይስ ዛፉ መጤ ሆኖ አገሬ ሆነ፣ እሳቸውም ይለምዱ ይሆናል? ተማሪዋ ሥር የሚለውን ሐሳቧን አልጣለችም፤ ግን ተወሳሰበባት። ጥሩ ዕውቀት ሲጨመር እንዲህ ያደርጋል፤ ሐሳብን ያወፍራል።

መጥፎው አጨማመር ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጋሼ ራሳቸው «ባሕር ዛፍ ውኃ መጣጭ ነው፤ ስለዚህ ዛፉ መንግሥት ነው» አሉ። ስለ ውኃው ልክ ናቸው። ታሪኩ ውስጥ ግን ውኃ የለም፣ ጥም የለም፣ የደረቀ ነገር የለም። ዕውቀቱ ከገጹ አንድም ነገር አልጨበጠም። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

ደረጃ 6፦ «አንድም» በሉ

የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የግእዙን ንባብ ይዞ በአማርኛ ይፈታዋል። ፈትቶ አይዘጋውም። «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። ከዚያም «አንድም» ይላል። የትርጓሜው ስም አንድምታ የተባለው ከዚሁ ነው። እኔ የቤተ ክህነት ሰው አይደለሁም፤ ግን ለስምንተኛ ክፍሉ «ለ» እና «ሐ» የመጣ መድኃኒት ይመስለኛል።

ሕጋችን፦ ከአንድ ታሪክ ቢያንስ ሦስት አንድም። እያንዳንዱ አንድም የቆመበትን መስመር በጣት ማሳየት አለበት። እኛ ያገኘነው ይህ ነው።

ተማሪዋ፦ እማማ ከመሃል ከተማ በልማት የተነሱ ናቸው። የዛገው ቁልፍ የፈረሰው ቤታቸው ነው። በር የሌለው ቁልፍ ይዘው ይውላሉ።

ጥበቃው፦ አንድም፣ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው የነበረው እዚያው፣ ከብሎኩ ጀርባ ነው። ዛፉ ከግቢያቸው አጥር የተረፈ ነው። ለዚህ ነው ሌላ ቦታ የማይቀመጡት። ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ተቀየረ። የሱም ቤተሰብ ገበሬ ነው። ዙሪያችን ያለው መሬት ትናንት ጤፍ ይዘራበት እንደነበር ከእኛ ሁሉ አብልጦ የሚያውቅ እሱ ነው።

ነርሷ፦ አንድም፣ እየረሱ ነው። ደረጃ የሚቆጥሩት እንዳይጠፉ ነው። ሁለት ቁልፍ የሚይዙት የትኛው ቤት የሳቸው እንደሆነ ስለተምታታባቸው ነው። ዘበኛው «ዛሬም?» የሚለው በሐዘን ነው። እንዲህ ዓይነት ታካሚ በየሳምንቱ ታያለች።

ባጃጅ ነጂው እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጥቶ፣ ቡናውን ሳይጨርስ፦ «እናንተ ቁልፍ ቁልፍ ትላላችሁ። ታሪኩ እኮ ስልኩ ነው። እኔም እናቴ ስትደውል ‹ሁሉ ሰላም ነው› ነው የምላት። ያን ቀን ባጃጁ ተይዞብኝም ቢሆን።»

አራት ሰው፣ አራት ታሪክ። ሉዊዝ ሮዘንብላት የተባለች አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመችው ሥራ ትርጉም ብቻውን ጽሑፉ ውስጥ ተቀምጦ እንደማይጠብቅ፣ አንባቢና ጽሑፍ ሲገናኙ እንደሚፈጠር ተከራክራለች። እኛ ጋ ስትመጡ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እያንዳንዱ ሰው ኑሮውን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ብቻችሁን የምታነቡ ከሆነ ኅዳጉ ላይ «አንድም» ብላችሁ ጻፉና ባዶ መስመር ተዉ። በማግሥቱ ተመልሳችሁ ሙሉት። ባዶ መስመር ያሳፍራል፤ ይሠራል።

ደረጃ 7፦ ወርቁን ወደ ሰሙ መልሱት

እዚህ ላይ ነው «ሁሉም ልክ ነው እንግዲህ» የሚባለው። አይደለም። ሁሉም ሊባል ይችላል፤ ሁሉም ግን ቅርጹን አይሞላም።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ያሰመራችሁባቸውን ነገሮች ደርድሩ፦ ስልሳ አራት፣ ዛሬም፣ ባሕር ዛፉ፣ ሁለቱ ቁልፍ፣ ይሞቃል። ከዚያ እያንዳንዱ አንድም ስንቱን እንደሚሸከም ቁጠሩ።

የተማሪዋ ፍቺ ቁልፉንና ደረጃውን በደንብ ይይዛል። የግቢ ቤት የለመደ ሰው ፎቅ ሲወጣ ደረጃ ይቆጥራል። ግን ለምን ያ ዛፍ? ለምን ያ ቦታ? ለዚህ መልስ የላትም። የጥበቃው ፍቺ ዛፉንም ቦታውንም «ዛሬም»ንም ይሸከማል። እንደኔ ጠንካራው እሱ ነው። የነርሷ ፍቺ ደረጃውን ከሁሉም በላይ ያብራራል። ነገር ግን እማማ «ዛሬም» ብለው ሲመልሱ ትናንትን ያስታውሳሉ። የረሳ ሰው «ም»ን አይላትም። ይህን ያነሱት ጋሼ ናቸው። ነርሷ ዝም ብላ ቆየችና «አንዳንዴ ይላሉ» አለች። ክርክሩ እዚያ አላለቀም።

የባጃጅ ነጂው ፍቺ ከሌሎቹ ጋር አይጣላም። ከሁሉም ላይ ይቀመጣል።

አንድ የወደቀም ነበር። ተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን «ሁለቱ ቁልፎች ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ የዛገው የድሮው ነው» ብላ ነበር። የቱ መስመር? ዝገቱ። ሌላስ? የለም። ራሷ ተወችው።

ግን በዚህ አትፍረዱባት። ፖለቲካ ፍለጋ የሁላችንም በሽታ ነው፤ ምክንያትም አለው። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት ጸሐፊው ይደብቃል፣ አንባቢው ይፈልጋል። ትውልዱ በሙሉ በመስመሮች መሃል ማንበብ ተማረ። አባቶቻችን ዓይናቸውን ያሠለጠኑት በዚያ ነው። መጥፎ ጎኑ መስመሮቹን ራሳቸውን መዝለል መልመዳችን ነው።

ደረጃ 8፦ ደራሲውን በመጨረሻ አስገቡት

እኛ ፎቶ ኮፒ ስናደርግ የደራሲውን ስም በወረቀት እንሸፍናለን። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለ የካምብሪጅ መምህር ይህን ሞክሮት ነበር። ለተማሪዎቹ ስም የሌላቸውን ግጥሞች ሰጥቶ አስተያየታቸውን ሰበሰበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 አሳተመ። የተማሩት ልጆች ታዋቂ ግጥሞችን ያጣጥላሉ፤ ተራውን ያደንቃሉ። እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ስሙ የተሸፈነ አንድ ታሪክ «ተራ ነው» ተባለ። ስሙ ሲገለጥ ያው ሰው «ለካ!» አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁንም ይመጣል።

ስሙ ይሸፈን ማለት ይጣል ማለት አይደለም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ እሱም በ1976 ዓ.ም. ጠፋ። ይህን እያወቀ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ምዕራፍ ከመጥፋቱ ወደ ኋላ ነው የሚያነበው። ሊረሳው አይችልም፤ መርሳትም የለበትም። ነገር ግን መጀመሪያ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፤ መጥፋቱን ብቻ ይዞ የገባ አንድ።

ደራሲው ቢገኝና ቢጠየቅስ? እዚህ ታሪክ ላይ ተገኝቻለሁ። «የቱ ነው ልክ?» አሉኝ። ስጽፈው በሐሳቤ የነበረው የተማሪዋ ፍቺ ነው። ከመሃል ከተማ የተነሱ አንዲት ሴት። ያንን ብናገር ክርክሩ ይሞታል፤ ደግሞም የጥበቃው ፍቺ ከኔ ይሻላል። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1967 ደራሲን ሞቷል እስከማለት ደርሷል። እኔ አልሞትኩም፣ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ዝም አልኩ ብቻ።

ያለፈው እሁድ ይህን ሁሉ ጨርሰን ወረቀት እያጣጠፍን ነበር። ቡና ያፈሉልን ጎረቤታችን ሲኒ ሊሰበስቡ መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ስናነብ ግን ሲሰሙ ቆይተዋል። ረከቦቱን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሴትዮዋ እስከ ምሳ ነው የተቀመጠችው?»

«አዎ እማዬ።»

«ባሕር ዛፍ ሥር?»

«አዎ።»

«ባሕር ዛፍ ምን ጥላ አለው?» አሉ። «ፀሐይ ልትሞቅ ነዋ የወረደችው። ይሄ ብሎኬት ጠዋት ጠዋት አጥንት ሰርስሮ ይገባል።»

ሄዱ። ማንም አልተናገረም። «ቤቱ እንዴት ነው?» «ይሞቃል።» ጋሼ ያጣጠፉትን ወረቀት ከኪሳቸው መልሰው አወጡና መነጽራቸውን ፈለጉ።